በመዝገብ ደህና የሆኑ ሰው

«ከባለጉዳይዋ ጋር የሥጋ ዝምድና ወይም የቅርብ ትውውቅ አለህ?» አለችኝ የኤጀንሲያችን አስተባባሪ በስልክ። ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ከወረቀት ላይ እያነበበች የምትጠይቀኝ ጥያቄ ነው። «የለኝም» አልኳት በእንግሊዝኛ። ባለጉዳይዋ እትዬ ባዩሽ ደግሞ እዚያው መኪናዬ ውስጥ ከጎኔ ወንበር ላይ ቀበቶ አስረው፣ ወረቀት የሞላ ከረጢታቸውን ጭናቸው ላይ አቅፈው ተቀምጠዋል። የአጎቴ የጋሽ ፀሐዩ ሚስት ናቸው። በዲቪ የመጣሁ ቀን አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ወፍራም ጃኬት ይዘውልኝ የመጡ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ሳሎናቸው ሶፋ ላይ ሁለት ክረምት ያሳደሩኝ፣ ካልሲዬን ሳይቀር ያጠቡልኝ ሴት ናቸው። እንግሊዝኛቸው ብዙ አይደለም፤ «ኖ» የምትለዋን ቃል ግን ማንም ያውቃታል። ስልኩን ስዘጋ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው መንገድ ዳር የተቆለለውን በረዶ ያዩ ነበር።

«አላውቃትም አልካት?» አሉኝ።

«ሥራው ነው እትዬ። ለዘመድ ማስተርጎም አይፈቀድም።»

«እሺ» አሉ። «ለበጎ እስከሆነ ድረስ ይሁን።»

ለበጎ ነበር። አስተርጓሚ ነኝ፤ ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመቴ። ሆስፒታል፣ ፍርድ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ በተጠራሁበት እሄዳለሁ። የሙያው ሕግ ሦስት ቃል ነው፤ አትጨምር፣ አትቀንስ፣ አታስረዳ። ይህን ሥራ ኤጀንሲው መጀመሪያ የሰጠው ለኃይለመለኮት ነበር፤ ግሪንቤልት የሚኖር፣ ጠንቃቃ፣ ሲያስተረጉም ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። ለምኜ የተካሁት እኔ ነኝ። ለእትዬ ባዩሽ ባዳ አይቁምላቸው ብዬ ነው። ትዕቢትም ነበረበት፤ ከእኔ የተሻለ የሚያስተረጉምላቸው የለም ብዬ ነበር። ዝምድናችንን ደግሞ ማንም ከወረቀት ላይ ሊያገኘው አይችልም። የእኔ የመጨረሻ ስም የአባቴ ስም ነው፣ በፈቃዱ። የአጎቴ የመጨረሻ ስም የአያቴ ስም ነው። ለአሜሪካ ፎርም እኔና አጎቴ መንገድ ላይ እንኳ ተላልፈን የማናውቅ ሰዎች ነን። «ዝምድና የለኝም» የሚለው ቅጽ ግርጌ ላይ ሳላመነታ ፈረምኩ።

ይኸው የስም ነገር ነው እነሱንም መከራ ያበላቸው። ባለፈው ጥቅምት የሚኖሩበት ስቴት አዲሱን የጤና ኢንሹራንስ ገበያ በኮምፒውተር ሲከፍት ማመልከቻ ያስገቡት በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የሞላችው ልጃቸው ሃኒ ናት፤ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነች። ኮምፒውተሩ ባልየውን በአንድ የአባት ስም፣ ሚስቲቱን በሌላ፣ ልጅቱን በሦስተኛ ሲያገኛት አንድ አፓርታማ ውስጥ ሦስት ቤተሰብ አለ ብሎ ለሦስት ከፈላቸው። ከዚያ «በምርመራ ላይ» የሚል ጽሑፍ አወጣና ቆመ። አምስት ወር ሙሉ እዚያው ላይ ነው። ስልክ ሲደውሉ ሙዚቃ ነው፤ ከሙዚቃው ጀርባ ሰው ሲመጣ ደግሞ «በምርመራ ላይ ነው» ይላል፣ ይህንንማ እኛም አንብበነዋል። እትዬ ባዩሽ ሙዚቃውን ከመልመዳቸው የተነሳ ሽንኩርት ሲከትፉ ያንጎራጉሩት ጀምረዋል። ሃኒ ስትሰማቸው ክፍሏን ዘግታ ትገባለች።

ጋሽ ፀሐዩ ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ መንግሥት ለሽማግሌ የሚሰጠው ሕክምና ሊደርሳቸው አራት ዓመት ይቀራቸዋል። ሃያ ዓመት ከክሪስታል ሲቲ ሆቴሎች ወደ አየር ማረፊያ ሊሞ በሚሉት መኪና መንገደኛ አመላልሰዋል፤ የራሱን መኪና ለሚነዳ ኢንሹራንስ የሚገዛለት አሠሪ የለውም። የልባቸው አንዱ በር መዝጋት ተስኖታል፤ ደሙ ወደኋላ ይመለሳል። ዶክተሩ ለሃኒ በእንግሊዝኛ፣ «በሩ ካልተቀየረ ሰኔን አያዩም» ብሏታል። ለእናቷ አልነገረችም፤ ለእኔ ነገረችኝ። ሆስፒታሉ ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ ይዞላቸዋል። የሆስፒታሉ ሒሳብ ክፍል ሠራተኛዋ ግን እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት የኢንሹራንሱ ቁጥር ካልገባ ቀጠሮው ለሌላ ሰው ይተላለፋል፣ ቀጣዩ ክፍት ቀን የሰኔ መጨረሻ ነው አለች። «እስከዚያ ከወደቁ በድንገተኛ በኩል አምጧቸው» ብላም ጨመረች፣ በትሕትና። ዛሬ ረቡዕ ነው።

ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ከአሌክሳንድሪያ ተነስቼ ልወስዳቸው ስገባ ጋሽ ፀሐዩን ሶፋው ላይ አገኘኋቸው። እኔ የተኛሁበት ሶፋ ነው፤ አንድ ጎኑ አሁንም እንደ ጎደጎደ ነው፣ ያጎደጎድኩት እኔ ልሁን እሳቸው አላውቅም። ኪራዩ በየዓመቱ ወደ ላይ ሲወጣ፣ አሁን አንድ ሺህ አራት መቶ ዶላር ገብቷል፣ ያ ቤት አንድ ወንበር እንኳ አልተጨመረበትም። እትዬ ባዩሽ ምንጣፉ ላይ ተንበርክከው የባላቸውን እግር በሳፋ ሙቅ ውሃ ውስጥ ያሹ ነበር። እግሩ ከቁርጭምጭሚት በላይ አብጦ ቆዳው ያብረቀርቃል። ጣታቸውን ሲያነሱ ስርጉዱ ይቀራል።

«እንዴት አደሩ ጋሼ?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» አሉ። በሁለቱ ቃል መካከል አንድ ትንፋሽ ወሰዱ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩና «እውነቱንስ?» አልኩ።

«ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ነው ያነጋሁት። ስጋደም ውሃ ውስጥ የገባሁ ይመስለኛል።» ከዚያ ሚስታቸውን አይተው ወሬ ቀየሩ። «ይህችን ሴት ደግሞ አደራ፣ እዚያ ስትደርስ ሰዎቹን ሁሉ ስትመርቅ እንዳትውል። የሄደችበትን ትናገር።»

ጉዳዩ ይህ ነው። የስቴቱ ምክር ቤት ገበያውን የሚቆጣጠር ኮሚቴ አቋቁሟል። ኮሚቴው በየወሩ የስቴቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ እየተሰበሰበ ኃላፊዎቹን ያስጠራና ኮምፒውተሩ ለምን ቆመ፣ ገንዘቡስ የት ገባ እያለ ይጠይቃል። በዚህ ወር ደግሞ የተጉላላ ሰው ራሱ መጥቶ ይናገር የሚል ማስታወቂያ አወጡ። ሁላችንንም ያስሮጠን ከማስታወቂያው ግርጌ ያለው መስመር ነው፤ ጉዳያቸው ያልተፈጸመ ምስክሮች ከስብሰባው በኋላ ጎን ካለው ክፍል ይገባሉ፣ አራት ሠራተኞች ማመልከቻቸውን በእጅ ጨርሰው ቁጥራቸውን የዚያኑ ዕለት ይሰጧቸዋል። የሚያስፈልገን እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኮሚቴው «አልተፈጸመም» የሚለውን ቃል እንዲሰማ። ሃኒ የሁለት ደቂቃ ንግግር በእንግሊዝኛ ጻፈች፣ ለእናቷ በአማርኛ አነበበችላት፣ እትዬ ባዩሽ አጥንተውታል። መንገድ ላይ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

ከሕንጻው ሁለት መንገድ ቀድሜ አወረድኳቸው። አብረን እንዳንታይ ነው። ጨው የተበተነበት የእግረኛ መንገድ ላይ፣ ከረጢታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እግራቸውን እየመረጡ ሲሄዱ በመስታወት አየኋቸው። እኔ መኪናዬን በአሥራ ሁለት ዶላር መኪና ማቆሚያ አስገብቼ በሌላ በር ገባሁ። የኮሚቴው ጸሐፊ አገናኘችን። «ጤና ይስጥልኝ፣ ሙሉዓለም እባላለሁ፣ አስተርጓሚዎ ነኝ» አልኳቸው። ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። «ደስ ብሎኛል ልጄ፣ የየት አገር ልጅ ነህ?» አሉኝ። ከእኔ የተሻሉ ተዋናይ ሆነው ተገኙ። በዚያ ቀን ከልቤ የሳቅኩት ያኔ ብቻ ነው፣ እሱንም በሆዴ።

አዳራሹ ሞቃት ነው፤ ምንጣፉ ወፍራም፣ ወንበሮቹ ከሰው ራስ በላይ የሚደርሱ። አሥራ አንድ የምክር ቤት አባላት ከፍ ካለው ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢዋ ነጭ ፀጉር ያላቸው፣ ቀይ መነጽር ያደረጉ አሮጊት ናቸው። ከፊታቸው ሁለት የወረቀት ክምር አለ፤ በቀኝ በኩል ያለው ጉዳያቸው ያላለቀ ሰዎች ነው፣ በግራ ያለው ያለቀ። የገበያው ኃላፊዎች ጎን ላይ በረድፍ ተቀምጠው በየተራ ይቅርታ ጠየቁ። አንደኛው ይቅርታ ሲጠይቅ የኮምፒውተሩን ሥዕል ግድግዳ ላይ አበራ፤ ቀስት በቀስት ላይ ነው፣ ጋሽ ፀሐዩ የትኛው ቀስት ላይ እንደቆሙ ፈልጌ አጣሁ። አባላቱ ጠየቁ፣ ኃላፊዎቹ መለሱ፣ አባላቱም ያንኑ ጥያቄ መልሰው ጠየቁ። በበረዶው ምክንያት አንድ ሰዓት ዘግይተው ስለጀመሩ የምስክሮቹ ተራ ሲደርስ ጊዜው አልቆ ነበር። ሰብሳቢዋ ይቅርታ ጠይቀው፣ የጽሑፍ ንግግራችሁ መዝገብ ውስጥ ገብቷል፣ ማንበብ አያስፈልግም፣ እያንዳንዳችሁን አንድ ሁለት ጥያቄ ብቻ እንጠይቃችኋለን አሉ። ይህን ለእትዬ ባዩሽ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። የሃኒን ወረቀት መልሰው አጠፉት።

ስማቸው ተጠርቶ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጥን። ሰብሳቢዋ ወረቀቱን ከቀኙ ክምር አነሱ። ደግ ሴት ናቸው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ለእኔ ይቀለኝ ነበር። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው እትዬ ባዩሽን ፊት ለፊት አይተው፣ «ይህን ሁሉ መንገድ ስለመጡልን እናመሰግናለን። ባለቤትዎ ዛሬ እንዴት ናቸው?» አሉ። አስተረጎምኩ። እትዬ ባዩሽ ቀና ብለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉና፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» አሉ።

በእኛ ዘንድ ይህ መልስ አይደለም፤ ገና ደጃፍ ነው። ለቅሶ ቤት ገብተህ እንኳ «እንደምን ናችሁ» ስትል «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚሉህ። ከዚያ ቁጭ ትላለህ፣ ትንሽ ዝም ትላለህ፣ «እንደው እውነቱን» ስትል ነው የሆድ የሚወጣው። እትዬ ባዩሽ ደጃፉን ከፍተው ሰብሳቢዋ እስኪገቡ ይጠብቁ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን አታስረዳ ነው ሕጉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው» አልኩ በጥሩ እንግሊዝኛ። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። የሰብሳቢዋ ፊት ፈካ አለ። ከጠዋት ጀምሮ ደህና የሆነ ሰው ወሬ አልሰሙም ነበር። ወደ ፊት ጠጋ ብለው፣ «ሶ ሂ ሃዝ ቢን ቴክን ኬር ኦፍ?» አሉ።

ጥፋቱ የእኔ የሆነው እዚህ ላይ ነው። ይህ አነጋገር ሁለት ፊት አለው። «ጉዳያቸው አለቀላቸው ማለት ነው?» ይሆናል፤ «የሚንከባከባቸው አላቸው ማለት ነው?» ደግሞም ይሆናል። እዚያ አዳራሽ ውስጥ፣ ሁለቱ ክምር ፊት ለፊታችን እያለ፣ የትኛውን እንደጠየቁ ለማወቅ ዘጠኝ ዓመት ማስተርጎም አያስፈልግም። እኔ ግን ያን ደቂቃ ዓይኔ ላይ የነበረው የጠዋቱ ሳፋ ነው። ሙቅ ውሃው፣ ያበጠው እግር፣ ምንጣፍ ላይ የተንበረከኩት ሴት። ዘመድ ለዘመድ አያስተርጉም የተባለው ለዚህ መሆኑን ያን ቀን ነው የገባኝ። «ደህና እንክብካቤ እያገኙ ነው ወይ?» አልኳቸው።

ባልሽን በደንብ ይዘሻል ወይ ተብላ በአደባባይ የተጠየቀች ሴት ምን ትላለች? እትዬ ባዩሽ ትንሽ ደንገጥ አሉ፣ ጥያቄው ደፍሯቸዋል። ቢሆንም ገመናቸውን ለባዕድ አያወጡም። «አዎን» አሉ ረጋ ብለው። «ምንም የጎደለበት ነገር የለም። እናንተንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ።» ይህን ደግሞ እንዳለ አስተረጎምኩ። የመጨረሻው ቃል ከአፌ ሲወጣ የሠራሁትን አወቅሁት። ካፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት እንደዚህ ያለውን ነው።

ለዚህም ሕግ አለው። የተሳሳተ አስተርጓሚ እጁን ያነሳና «አስተርጓሚው ስህተቱን ማረም ይፈልጋል» ይላል። ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፣ ዳኛ ፊት ሳይቀር፤ አንድ ጊዜ በአንዲት ቃል የተነሳ የፍርድ ቤት ምስክርነት አስቁሜ ተመስግኛለሁ። እጄ ከጠረጴዛው ጠርዝ ተነሳ። ከዚያ የፈረምኩት ቅጽ ትዝ አለኝ። ስህተት ነው ካልኩ፣ ሰውየው ደህና አይደሉም ማለቴ ነው፤ አንተ በምን አወቅህ ይሉኛል። የኤጀንሲው ሥራ፣ የምስክር ወረቀቴ፣ አሌክሳንድሪያ ያለችው ምድር ቤት ክፍሌ ኪራይ፣ ሁሉም በተራ መጣብኝ። ይህ ሁሉ የፈጀው ሦስት ሰከንድ ነው። እጄን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩት። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

ከኃላፊዎቹ አንዱ ማይክሮፎኑን ሳብ አድርጎ፣ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች የልፋታችን ዋጋ ናቸው አለ። ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ሲነካካ የነበረ አንድ የምክር ቤት አባል ቀና ብሎ፣ በመጨረሻ አንድ ደስ የሚል ነገር ሰማን አለ። ሰብሳቢዋ ወረቀቱን በግራው ክምር ላይ አስቀመጡና በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። እትዬ ባዩሽ ወረቀቱ ከቦታ ቦታ ሲዛወር አይተው ደስ አላቸው፤ ጉዳያቸው የተንቀሳቀሰ መሰላቸው።

«የሃኒን ወረቀት አላነብም?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«አንብበውታል እትዬ» አልኳቸው። ከመቀመጫችን ተነሳን።

ኮሪደሩ ላይ ረጅም አግዳሚ አለ። ጸሐፊዋ ከዝርዝር እየጠራች አንድ በአንድ ወደ ጎኑ ክፍል አስገባቻቸው። አንድ ሽማግሌ በምርኩዝ ገባ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ገባች፤ ሲወጡ እያንዳንዳቸው ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይዘዋል። ሽማግሌው ወረቀቱን አራት ጊዜ አጥፎ የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። እትዬ ባዩሽ ከረጢታቸውን ከፍተው የጋሽ ፀሐዩን የመድኃኒት ብልቃጦች፣ የሐኪሙን ደብዳቤ፣ የግብር ወረቀቱን በቅደም ተከተል ጉልበታቸው ላይ አዘጋጁ። አግዳሚው ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ። «እኛስ መቼ ነው?» አሉኝ። ተነስቼ ወደ በሩ ሄድኩ። ዝርዝር የያዘ ወጣት ሠራተኛ ስማቸውን ፈልጎ፣ በራሳቸው ቃል ጉዳያቸው አልቋል ብለዋል አለኝ። ቀጥሎም ደህና አድርጎ ተመለከተኝ። «አስተርጓሚው አንተ ነህ አይደል? የትርጉም ችግር ነበር እንዴ?» ብሎ እስክሪብቶውን አዘጋጀ። የምለውን ሊጽፍልኝ ነው። አንድ ቃል ነበር የቀረኝ። «አይ፣ አልነበረም» አልኩት።

ወደ አግዳሚው ተመልሼ «በስልክ ይነግሩናል» አልኳቸው። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ መልሰው ከረጢቱ ውስጥ ከተቱ።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ መልሼ ነዳሁ። እትዬ ባዩሽ ቀሏቸዋል። ጾም ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀመሱም ነበር፤ ሰዓቱን አይተው ከከረጢታቸው በሶፍት የተጠቀለለ የምስር ሳምቡሳ አወጡና አንዱን ለእኔ ሰጡኝ። ትላንት ከሲልቨር ስፕሪንጉ ሱቅ ሁለቱን በሦስት ዶላር ገዝተው ለመንገድ ያቆዩት ነው። ተቀብዬ ከመሪው አጠገብ አስቀመጥኩት።

«ያቺ ትልቅ ሴት» አሉ፣ «ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ባልሽ እንዴት ነው አለችኝ። አምስት ወር ሙሉ ስልክ ስደውል እኮ አንድ ሰው እንዴት ነው ያለኝ የለም። የመዝገብ ቁጥርሽ ስንት ነው ነው የሚሉኝ። ይህቺ ግን ባልሽ አለችኝ። ሰው የሚለው ይህን ነው። አይደለም ሙሌ?»

«ነው» አልኩ።

«አንተም ጥሩ አድርገህ ነገርክልኝ። ከፊቷ ላይ አየሁት፣ ገብቷታል።»

መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ ፊት ለፊት አየሁ። ልነግራቸው ወደ እሳቸው ዞር አልኩ፤ እሳቸው የሳምቡሳውን ፍርፋሪ ከቀሚሳቸው ላይ በጥንቃቄ እየለቀሙ ሶፍቱ ውስጥ ያደርጉ ነበር። መኪናዬ እንዳይቆሽሽ ነው። ፊቴን ወደ መንገዱ መለስኩ።

ሦስተኛ ፎቅ ስንደርስ በሩን የከፈተችው ሃኒ ናት። ፊቷን ሳይ ወሬው ቀድሞን እንደደረሰ ገባኝ። እናቷን አሳልፋ እኔን ኮሪደሩ ላይ አስቀረችኝና በሩን ገፋ አደረገችው። ከገበያው ኢሜይል መጥቷል፤ የአባቷ ማመልከቻ «በአመልካች ቤተሰብ ቃል መሠረት ተፈጽሟል» ተብሎ ተዘግቷል። «ክሎዝድ ነው የሚለው ሙሌ። ፔንዲንግ፣ በምርመራ ላይ እንኳ አይደለም» አለች። «ማሚ ዋት ዲድ ሺ ሴይ? ምንድነው ያለችው?»

«እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ» አልኳት።

«ኦኬ» አለችና ስልኬን በዓይኗ አሳየችኝ። ደረጃውን ወርጄ ከፖስታ ሳጥኖቹ አጠገብ ቆምኩና ለኮሚቴው ጸሐፊ ደወልኩ። ለአሥራ አንድ ሰዓት አሥር ደቂቃ ይቀራል። ሁሉንም ነገርኳት። አጎቴ ናቸው አልኳት። ጥያቄውን በተሳሳተ መንገድ ነው ያስተላለፍኩት፣ ሰውየው ደህና አይደሉም፣ ኢንሹራንስም አላገኙም፣ እስከ ዓርብ ቁጥሩ ካልገባ ኦፕራሲዮኑ ይቀራል አልኳት። የኮምፒውተሯ ቁልፍ ሲንኳኳ ይሰማኛል። ስጨርስ እውነቱን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ አለች። አስተርጓሚው ዘመድ ከሆነ ምስክርነቱ ሊጸና ስለማይችል ከመዝገቡ ይወጣል፤ እትዬ ባዩሽ በሌላ አስተርጓሚ እንደ አዲስ መመዝገብ ይችላሉ፤ የሚቀጥለው ስብሰባ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ነው አለችኝ። የዛሬውን ቁጥር የሚሰጡት ሠራተኞችስ አልኳት። ሄደዋል አለች። የተዘጋው ማመልከቻስ? እሱ የገበያው ሥራ ነው፣ ኮሚቴው ይቆጣጠራል እንጂ አይከፍትም አለች። የተዘጋውን ለማስከፈት አዲስ ማመልከቻ ማስገባት ይቻላል። ከዚያ የእኔን ሙሉ ስም አንድ ጊዜ በፊደል አስቆጠረችኝ፤ ለኤጀንሲው ማሳወቅ ግዴታዋ ነው። ቀስ ብዬ ቆጠርኩላት።

ተመልሼ ስገባ ሳሎኑ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ በርቷል። ወጥ ቤት እትዬ ባዩሽ ኮታቸውን ሳያወልቁ ለሃኒ ይተርካሉ፤ የሰብሳቢዋን ቀይ መነጽር፣ ምንጣፉን፣ ባልሽ እንዴት ነው መባላቸውን። የሳቃቸው ድምፅ ይመጣል። ጋሽ ፀሐዩ በትራሶች ተደግፈው ሶፋው ላይ ቁጭ እንዳሉ ናቸው። በእጃቸው መታ መታ አድርገው የጎደጎደውን ቦታ አሳዩኝ፤ ተቀመጥኩ። ትንፋሻቸው ከቅርብ ሲሰማ እርጥብ ነው።

«እህ» አሉ። «እንዴት ሆነ?»

ምንጣፉ ላይ የጠዋቱ ሳፋ የተወው ክብ እርጥበት ገና አልደረቀም ነበር። እሱን እያየሁ፣ «ደህና ነው ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

አዩኝ፣ ከዚያ የወጥ ቤቱን በር አዩ። እጃቸውን አንስተው ጉልበቴ ላይ አሳረፉት።

«ይህን ያህል ከፍቷል እንዴ?» አሉኝ፣ ወጥ ቤት እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።